አራት መቶ ሠላሳ ስምንት

የላቦራቶሪው ባለቤት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ የተገኘው ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ያገኘችው የገዛ ልጁ ናት። ጩኸቷን የሰማ የጎረቤት ባለሱቅ ለፖሊስ ደወለ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ኢንስፔክተር ቆይ የውሃ ጠርሙሱን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ወጣ።

ቆይ እውነተኛ ስሙ አይደለም። ሰው ሁሉ «ያዘው፣ ክሰሰው» እያለ ሲቸኩል እሱ «ቆይ» ማለት ስለሚወድ ባልደረቦቹ ያወጡለት ነው፤ ሳይቀየም ተቀብሎታል፣ እንዲያውም ይኮራበታል። ስሙ የማያስመሰግነው ሚስቱ ዘንድ ብቻ ነው። «የስኳር ምርመራውን መቼ ነው የምታደርገው?» ስትለው ዓመት ሙሉ የሰጣት መልስ ይኸው አንድ ቃል ነው። ሌሊት አራቴ ለሽንት ይነሳል፣ ቀን ሦስት ጠርሙስ ውሃ ይጨርሳል፣ ሲጋራ ካቆመ ወዲህ ደግሞ ኪሱ ከረሜላ አያጣም፤ ሲጠየቅ ደህና ነኝ ይላል። ሽጉጥ የያዘ ወንበዴ በባዶ እጁ ያስጣለ ሰው ነው፤ መርፌ ግን ይፈራል። ይህን ከሚስቱ በቀር የሚያውቅበት የለም።

ሟቹን ሠፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ጋሽ ጠብታ በሚል ስም ነበር። ሠላሳ ዓመት የሰው ደም ሲመረምር «ሰው ይዋሻል፣ ጠብታ ግን አትዋሽም» እያለ ስለኖረ ነው። ራሱም የስኳር በሽተኛ ነበር፤ በሽታው ዓይኑን አድክሞት መዝገብ የሚያነበው በማጉያ መነጽር ነው። አሁን ራሱን ወደ ወንበሩ መደገፊያ ጥሎ ተቀምጧል፤ የነጭ ጋዋኑ አንገትጌ በላብ ርሶ ደርቋል። ፊት ለፊቱ ትልቅ የውጤት መዝገብ ተዘግቶ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ማጉያ መነጽሩና ቀይ እርሳሱ አሉ። በጎን ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ የስኳር መለኪያ፣ የኢንሱሊን ጠርሙስ፣ ያገለገለ መርፌና በአልኮል የራሰ ጥጥ የሚቀመጥበት ክዳን ያለው የብርጭቆ ዕቃ ተደርድረዋል። ግድግዳው ላይ ሐኪሙ የጻፈለት ወረቀት ተለጥፏል። ስኳሩ ይህን ያህል ከሆነ ይህን ያህል ኢንሱሊን ይላል፤ ከላይ እስከ ታች ስድስት መስመር ነው።

ቆይ መለኪያውን በጓንት አንስቶ ያስቀመጠውን ቁጥር አየ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፦ 438። ከሦስት ደቂቃ በኋላ፦ 421።

ልጅቷ በበሽተኞች መጠበቂያ ክፍል አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ሁለት እጆቿን እያገላበጠች ታያለች። እዚያው ቤት ደም የምትቀዳው ነርስ እሷ ናት።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች፣ ገና ሳይጠይቃት።

«ቆዪ። መጀመሪያ ከጠዋቱ ጀምረሽ ንገሪኝ።»

«ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ላይ ጣቱን በጥጥ ጠርጌ እወጋለሁ፤ ቁጥሩን አነብለታለሁ፤ በወረቀቱ መሠረት መርፌውን እሰጠዋለሁ። ዛሬ አራት መቶ ሠላሳ ስምንት አለ። ደነገጥኩ። ሌላኛውን ጣቱን ጠርጌ ደገምኩት፤ አራት መቶ ሃያ አንድ። አባዬም ግራ ገባው። ኋላ ግን “ጠብታ አትዋሽም፤ ወረቀቱ የሚለውን ስጪኝ” አለኝ። የመጨረሻውን መስመር ሰጠሁት። በስድስት ዓመት ውስጥ እዚያ መስመር ደርሰን አናውቅም።»

«ቁርስ አልበላም?»

«“ስኳሩ ይውረድና እበላለሁ” አለ። በሩን ዘጋሁለትና ቤታቸው ድረስ የምሄድላቸው በሽተኞች ጋ ሄድኩ። እስከ አራት ሰዓት መዝገብ ሲያይ ማንም አይገባበትም፤ ሕጉ ነው። ስመለስ…» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

ቆይ ብዙ ሐሰተኛ ለቅሶ አይቷል። ይህኛው አንጀቱን በላው፤ ሆኖም አንጀት ማስረጃ አይሆንምና ማስታወሻውን ዘግቶ ወደ ውስጥ ገባ።

በምርመራው ክፍል የቤቱ ነባር ቴክኒሻን ይጠብቀዋል። አምሳ የሞላው፣ ጋዋኑ የተተኮሰ፣ ጢሙ የተላጨ፣ ቃሉን መዝኖ የሚያወጣ ሰው ነው። ከኋላው ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን አለ፤ በመስታወቱ በኩል ለእርጉዝ እናቶች ምርመራ የሚበጠበጠው የስኳር ዱቄት በእሽግ በእሽግ ተደርድሮ ይታያል። ቁልፉ ከቀበቶው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ከዚህ ወንበር አልተነሳሁም» አለ። «ልጅቷ ከአንድ ሰዓት በፊት በባዶ ሆዳቸው የመጡ አሥራ አራት ሰዎች ደም ቀድታ ትታልኝ ነበር። የሁሉንም ስኳር በማሽኑ ለክቼ ጽፌያለሁ። ውጤቱ ይኸውልዎ።»

ወረቀቱ ላይ አሥራ አራት ቁጥሮች በሚያምር እጅ ጽሑፍ ተደርድረዋል፦ 92፣ 97፣ 95፣ 101…

«ደሙስ የት አለ?»

«ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፤ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ግን ለምንም አይረባዎትም። ደም ቱቦ ውስጥ ሲቆም ሕይወት አለውና ስኳሩን ይበላል። ነገ ቢያስለኩት ቁጥሩ ወርዶ ነው የሚያገኙት።» ጥቂት አመነታና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዲህ ያለ ነገር ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። ትናንት ማታ አባትና ልጅ ተጣልተዋል። ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ልሂድ ብላው ነበር። “ጣትህን መውጋት ሰለቸኝ” ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ደረጃውን ስታጥብ ያረፈደችው ጽዳት ሠራተኛ ደግሞ ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ወደ ላይ የወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው አለች፤ የጋሽ ጠብታ ታናሽ ወንድም። በእጁ ከረጢት ይዞ ነበር። ቆይ ቤቱን በሙሉ አሸገና ልጅቷን ይዞ ወደ ጣቢያ ሄደ። ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

*

ረቡዕ ጠዋት አስከሬኑን የመረመረችው ሐኪም ቢሮዋ ጠበቀችው። የትምህርት ቤት ጓደኛው ስለሆነች አንቱ አትለውም።

«ይኼ ሰውዬ ስኳሩ አልቆ ነው የሞተው» አለች። «ልቡም ደካማ ነበር፤ አልቻለም።»

«ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ግን አራት መቶ ሠላሳ ስምንት ነበር።»

«አልነበረም።»

«መለኪያው ውስጥ በዓይኔ አየሁት እኮ።»

«አንተ መለኪያውን አየህ፤ እኔ ሽንቱን አየሁ። ስኳር ሁለት መቶ ሲጠጋ ኩላሊት መያዝ ያቅተውና ትርፉን ወደ ሽንት ይለቀዋል። አራት መቶ የደረሰ ሰው ሽንቱ ሽሮፕ ነው የሚሆነው። የእሱን ሦስት ጊዜ መረመርኩት፤ ቅንጣት ስኳር የለበትም። የሦስት ወር አማካዩን የሚያሳየው የደም ምርመራም በሽታው በደንብ ተይዞ እንደነበር ይናገራል። ያን ቀን ጠዋት ስኳሩ ደህና ነበር።»

«መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናላ?»

«መጠኑ በሚታወቅ ፈሳሽ ፈተሽኩት። ልክ ነው።» ከዚያ ዓይኗን ወደ ብብቱ ወረወረች። «ስንተኛህ ነው?»

«ምኑ?»

«ውሃው።»

«ሙቀቱ ነዋ።»

«ሹራብ ለብሰህ?» አለችና ከመሳቢያዋ ትንሽ ሳጥን አውጥታ በኮቱ ኪስ ውስጥ ጨመረችለት። «መለኪያ ነው። መውጊያውም አብሮ አለ። አንተ ሌላውን ሰው ብቻ መርምር።»

ቆይ ምክሯን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ወደ አለቃው ገባ። የሽንቱን ነገር ሲያስረዳ ለልጅቷ መፍትሔ ያመጣ መስሎት ነበር፤ አለቃው ግን ገና ሳይጨርስ ጠረጴዛውን መታ።

«ይኸው አለቀ! ልጅቷ ደም ቀጂ ናት። የሌላ በሽተኛ ደም መለኪያው ላይ ጠብ አድርጋ ቁጥሩን አሳየችው። ዓይኑ አያይም፤ አመነ፤ የመጨረሻውን መስመር ወጋችው። ማታ ደግሞ ተጣልተዋል። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ትቀርባለች።»

«ይቆየን ጌታዬ።»

«እስከ ነገ ሦስት ሰዓት ቆይቶልሃል» አለ አለቃው።

ቆይን ግን ነገሩ አልዋጥልህ አለው። አባቷን በሐሰት ቁጥር ለመግደል ያሰበች ልጅ አንዴ ያሳየችውን ቁጥር ለምን ትደግመዋለች? ለምንስ «እኔ ነኝ» ብላ ትጀምራለች? ከሰዓት በኋላ የሟቹን ታናሽ ወንድም አስጠራው።

ወንድምየው እጁ በሥራ የሻከረ ግዙፍ አናጢ ነው። መጀመሪያ «እዚያ አልደረስኩም» አለ። ጽዳት ሠራተኛዋ እንዳየችው ሲነገረው አንገቱን ደፋ።

«ከረጢቱ ውስጥ ምን ነበር?»

«ዳቦ። ጣፋጭ ዳቦ። ማክሰኞ ማክሰኞ ተደብቄ ግማሽ ቁራሽ አቀምሰዋለሁ። ልጁ ብትሰማ በሕይወት አትተወኝም።»

«ትናንት በላ?»

«የት አግኝቼው? ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩን አንኳኳሁ፤ አልመለሰልኝም። መዝገብ እያየ ነው ብዬ ኮሪደሩ ላይ ጥቂት ተቀመጥኩ። ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር፤ ወትሮ የሚያጉረመርመው ማሽን እንኳ ድምፅ የለውም። ኋላ ተነስቼ ሄድኩ። ሰሞኑን ተክዞ ስለነበር ልረብሸው አልፈለግሁም።»

«በምን ነው የተከዘው?»

«አንድ ሹፌር ነው ያብሰለሰለው። ከእሱ ቤት ስኳርህ ደህና ነው ተብሎ የሄደ ሰው በሳምንቱ መሪ ላይ እንዳለ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ስኳሩ ጣራ ነክቶ ነበር አሉ። “ከእኔ ቤት እንዲህ ያለ ስህተት አይወጣም” ይላል ነጋ ጠባ።» አናጢው ቀና አለ። «ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ስኳሩ አልቆ ነው የሞተው ይላሉ። ያን ጊዜ በሩን ገፍቼ ብገባና ዳቦውን ባጎርሰው ይድን ነበር?»

ቆይ ሊዋሽለት ፈልጎ አልቻለም። «ምናልባት» አለ። ግዙፉ ሰውዬ ፊቱን በሻካራ እጆቹ ሸፍኖ አለቀሰ።

*

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቆይ የላቦራቶሪውን ማሸጊያ ከፈተ። ጽዳት ሠራተኛዋ «ባልዲዬን ልውሰድ» ብላ ተከትላው ገባች። ያለምንም ዕቅድ የጋሽ ጠብታ ወንበር ትይዩ ቆመ። መለኪያው፣ ኢንሱሊኑና መርፌው በማስረጃነት ተወስደዋል። የጥጡ ዕቃ ግን እዚያው አለ፤ የቆሻሻ ቅርጫቱንም ቆሻሻ ነው ብለው ትተውታል።

ከመስኮቱ ጠርዝ የተነሳ የጉንዳን ሰልፍ በግድግዳው ወርዶ፣ ወለሉን አቋርጦ ወደ ቅርጫቱ ይገባል። ቆይ ጎንበስ አለ። ቅርጫቱ ውስጥ የተቀደደ ፖስታና የደም ነጥብ ያለባቸው ሁለት ድቡልቡል ጥጦች አሉ። ፖስታውን የነካው ጉንዳን የለም። ጥጦቹ ግን ጠቁረዋል።

«እናቴ፣ ይህ ቤት ጉንዳን ያውቃል?»

«አሥራ አንድ ዓመት ሳጸዳው አንድ አላየሁም!» አለች ጽዳት ሠራተኛዋ ከወዲያኛው ክፍል። «ምግብ ክልክል ነው። ምን ሊበላ ይመጣል? ግን ይኸው፣ እዚህም አለ። እኔ ፍርፋሪ ትቼ አይደለም፤ አሁን በእኔ ያላከኩ እንደሆነ…»

«ማንም እርስዎን አላማም። የት ነው ያለው?»

«እዚህ። ከቴክኒሻኑ እጅ መታጠቢያ አፍ ላይ።»

ቆይ ሁለቱንም አየ። ከዚያ የጥጡን ዕቃ ክዳን ከፈተ፤ አልኮሉ አፍንጫውን ሰነፈጠው። አንድ ጥጥ በመቆንጠጫ አውጥቶ በጉንዳኖቹ መንገድ ላይ አኖረው። ጉንዳኖቹ ደርሰው ቆሙ፤ ከዚያ ዞረውት ሄዱ። ጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ታቅፋ ይህን ሁሉ ስታይ ሰውየው ጤና ማጣቱን ጠረጠረች።

እሱ ግን በዓመቱ እንደዚያ ቀን ጤነኛ ሆኖ አያውቅም። የጋሽ ጠብታ ጣት የተጠረገበት ጥጥ ከዚህ ዕቃ አልወጣም። ማክሰኞ አንድ ሰዓት ላይ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሌላ ጥጥ ነበር። ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ደግሞ አንድ ሰው ገብቶ ያንን አንስቶ ይህን አስቀምጧል፤ የቀረውንም ማጠቢያ ውስጥ ደፍቶታል። ቅርጫቱን ረስቶታል።

ለምን መግባት እንዳስፈለገው ለማወቅ መዝገቡን ከፈተ። የሰኞ ውጤት ገጽ ላይ ለመድረስ ቢያገላብጥ የቅዳሜውን አገኘ፤ ቀጥሎ ቀኑ ብቻ የተጻፈበትን የማክሰኞ ገጽ። ሰኞ የለም። የተቀደደ ነገርም የለም። ቆይ ወረቀቱን በአውራ ጣቱ ሲዳስሰው ወፈረበት። ሁለት ገጾች ታችኛው ጥግ ላይ፣ ሰው ጣቱን አሳርፎ በሚገልጥበት ቦታ ተጣብቀዋል። በቢላው ጫፍ ቀስ ብሎ ሲያላቅቃቸው ቀይ እርሳስ ወጣ። የሰኞ ሁለት ውጤቶች ተከብበዋል። ጎናቸው ላይ ዓይኑ የደከመ ሰው በጻፈው ትልልቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «ስም ቀይሬ የላክሁት የራሴ ደም። በመለኪያዬ 187። እዚህ 94 እና 99 ተብሎ ተጽፏል። አልተለካም። ሹፌሩም እንዲሁ።»

ቆይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጠርሙሱን ጠጥቶ ጨረሰና ሁለቱን ጥጦችና አሥራ አራቱን የደም ቱቦዎች አሽጎ ወደ ሐኪሟ ላከ።

*

ሐኪሟ ሐሙስ ማለዳ ደወለች። «ጥጡ አንድ ብርጭቆ ሻይ ያጣፍጣል» አለች። «በውሃ የተበጠበጠ ስኳር ነው፤ እንዲሸት ጥቂት አልኮል ጠብ ተደርጎበታል። የቱቦዎቹን ውጤት ደግሞ ቁጭ ብለህ ስማኝ።»

አንድ ሰዓት ላይ ቆይ ከሁለት ፖሊሶች ጋር ላቦራቶሪው ውስጥ ነበር። ቴክኒሻኑ ያው የተተኮሰ ጋዋኑን ለብሶ ተጠርቶ መጣ።

«ይቅርታ፣ ትምህርትዎን እንዳልረሳ ብዬ ነው» አለ ቆይ። «ደም ቱቦ ውስጥ ሲቆም ስኳሩ ምን ይሆናል?»

«ነግሬዎታለሁ። ይቀንሳል።»

«ይጨምር ይሆን?»

«በጭራሽ። ከየት አምጥቶ?»

«እርግጠኛ ነዎት?»

ቴክኒሻኑ ፈገግ አለ። «ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ያስረዱኝ። ማክሰኞ ጠዋት ለሰባተኛው ሰው 97 ብለው ጽፈዋል። ያው ደም አንድ ቀን ቆሞ፣ ስኳሩን ሲበላ አድሮ፣ ትናንት ማታ ሲለካ 312 ሆነ። አሥራ አንደኛው ሰው እርስዎ ዘንድ 95 ነው፤ ትናንት 240። የበላው ደም እንዴት ነው የወፈረው?»

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ።

«ማሽኑን አልነኩትም» አለ ቆይ። «ወንድምየው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ድምፁን አልሰማም። ቁጥሮቹን ከራስዎ ነው የጻፉት። ስለዚህ ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ከዚህ ወንበር አልተነሳሁም የሚሉት ቀርቷል። አሁን የቀረውን እርስዎ ይንገሩኝ፣ ወይስ ጉንዳኖቹ ይናገሩ?»

ቴክኒሻኑ ማጠቢያውን አየ። አሁንም ጥቂት ጉንዳኖች ከንፈሩ ላይ ይርመሰመሳሉ። ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ።

«መብራቷ ናት የተቃጠለችው» አለ። «ማሽኑ ስኳሩን የሚለካባት። በእኔ ስህተት ነው፤ ሳላጠፋው ፈሳሽ ደፋሁበት። ሃያ ዓመት ስህተት አልሠራም ተብዬ እንዴት ልንገረው? ዛሬ ብቻ ብዬ በግምት ጻፍኩ። አብዛኛው ሰው ዘጠና ምናምን ነው፤ ማን ያውቃል? ማሽኑን ድምፁ እንዲሰማ ብቻ እያበራሁት ሁለት ወር እንዲሁ ሄደ። ከዚያ ሹፌሩ መጣ። ሰኞ ማታ ልጅቷ ከወጣች በኋላ ጠርቶ “ነገ አራት ሰዓት ላይ መዝገቡን ይዘን አብረን ጤና ቢሮ እንሄዳለን” አለኝ። እስር ቤት ማለት ነው።»

«እናም የእርጉዝ እናቶቹን ስኳር በጠበጡ።»

«ልጅቷ ሁልጊዜ በጥጥ ነው የምትጠርገው። ሁላችንም እዚህ ቤት እንደዚያው ነን፤ ጣት በሳሙና አናስታጥብም። ጓንት ስለምታደርግ መጣበቁ አይሰማትም። ከፍ ያለ ቁጥር ከመጣ ወረቀቱን እንደሚያምን አውቃለሁ። ራሱን ስቶ ሆስፒታል ይገባል፣ እኔ ገጹን አጠፋለሁ ብዬ ነው። ሞት አላሰብኩም።»

«ገጹን ግን አላገኙትም።»

«ገልጬ ገልጬ አጣሁት። ራሱ ቀዶ ደብቆታል ብዬ መዝገቡን ዘጋሁት።»

ቆይ መዝገቡን ጥጉ ላይ ገለጠና የተላቀቁትን ሁለት ገጾች አሳየው። «በስኳር ጣቱ ገልጦት ተጣብቆ ነበር። ስኳሩ የእርስዎ ነው።» ከዚያ ሲቸግረው የቆየውን ጥያቄ አወጣ። «ዕቃውን ሊቀይሩ ስንት ሰዓት ላይ ገቡ?»

«ሦስት ሰዓት ገደማ።»

«ይተነፍስ ነበር?»

ቴክኒሻኑ እጆቹን ጋዋኑ ላይ ጠረገ፤ መልሶም ጠረገ። ከኋላው በቁም ሣጥኑ መስታወት ውስጥ የስኳር ዱቄቱ እሽጎች ተደርድረዋል፤ ቁልፉ ከቀበቶው ላይ ነው።

«ይተነፍስ ነበር» አለ።

ቆይ ይህን ሰው አንገቱን ሊያንቀው ፈለገ፤ ይልቁንም ለፖሊሶቹ ጠቀሰና ወደ መስኮቱ ዞረ።

*

ሦስት ሰዓት ሲሆን ልጅቷ ፍርድ ቤት በመሄድ ፈንታ ቆይ ቢሮ ውስጥ ተቀምጣለች። ሁሉንም ነግሯታል። ነፃ መሆኗን ስትሰማ ደስታ አላሳየችም።

«መርፌውን ግን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች። «ያን ቀን ማታ ጣትህን መውጋት ሰለቸኝ አልኩት። ጠዋት ይቅርታ ሳልለው ወጋሁት። ከእንግዲህ የሰው ጣት አልነካም። ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ።»

ቆይ ሰው ማጽናናት ላይ ጎበዝ አይደለም፤ የሚያውቀው ማስረጃ ነው።

«ስሚኝ ልጄ። ሁለተኛው ጥጥ ቅርጫቱ ውስጥ የገባው አንቺ ስለደገምሽው ነው። ጣቱን መውጋት የሰለቸሽ ብትሆኚ ኖሮ አትደግሚውም ነበር። አባትሽም ይህን ያውቅ ነበር።»

እሷ እጆቿን ነው የምታየው። ቆይ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ የሐኪሟን ትንሽ ሳጥን አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ቧንቧ ሄዶ እስከ ክርኑ በሳሙና ታጠበ። በመሐረቡ እየጠረገ ተመለሰ፤ ተቀመጠ፤ የግራ እጁን ሌባ ጣት ዘረጋላት።

«ሚስቴ ዓመት ሙሉ ለምናኛለች» አለ። «አልዋሽሽም፤ እፈራለሁ። ሰው ካልያዘኝ በራሴ አላደርገውም።»

ልጅቷ ጣቱን አየችው፣ ሳጥኑን አየችው። ከዚያ ሳጥኑን ከፈተች። መውጊያውን አነሳችና ጣቱን አጥብቃ ያዘችው። ቆይ ዓይኑን ጨፈነ። ቁንጥጫ ያህል እንኳ ሳይሰማው አለቀ።

መለኪያው ቆጥሮ ጨረሰ። ግንባሯ ተቋጠረ።

«አራት መቶ አምስት።»

«አትበይኝ።»

«ቁርስ በልተዋል?»

«ውሃ ብቻ።»

ቀና ብላ አየችው። «እጅዎን በምን ጠረጉ?»

«በመሐረቤ።»

«መሐረቡ ኪስዎ ውስጥ ከምን ጋር ነበር?»

ቆይ መሐረቡን አውጥቶ ዘረጋው። መሐሉ ላይ ግማሽ የቀለጠ ከረሜላ ተለጥፎበታል። ሁለቱም አዩት። ልጅቷ እንባዋ መጣ፤ በዚያው መሐል ሳቅም አመለጣት። ከዚያ ፊቷን በክንዷ ጠርጋ አዲስ የመለኪያ ወረቀት ከሳጥኑ አወጣች።

«መሐረቡን እዚህ ይተዉትና እንደገና ይታጠቡ» አለች፣ በሽተኛ በሚያዝዝ የነርስ ድምፅ። «ደግሞ በአየር ያድርቁት። እደግመዋለሁ።»

ኢንስፔክተሩ «ቆዪ» ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወደ ቧንቧው ሄደ።